የአቶ ከተማ ይፍሩ ማስተርስና የእናቴ ፍርሃት

ታላቅ እህቴ አሌክሳንድሪያ ትኖራለች። ቀን ሆቴል ትሠራለች፤ በዚህ ዓመት ደግሞ በዓለም አቀፍ ግንኙነት የማስተርስ ትምህርት በማታ እንድትማር ተቀብለዋታል። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ከእናታችን ጋር እኖራለሁ፤ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ስለዚህ ክርክር በተነሳ ቁጥር ምሳሌ የምደረገው እኔ ነኝ። በእናቴ አስተያየት የኔ ትምህርት ሥራ ያስገኛል፣ የእህቴ ግን ዕዳ ብቻ ነው። ብዙዎቻችሁ ይህን ክርክር ከቤታችሁ ታውቁታላችሁ።

እህቴን ላግዛት ብዬ ይህንኑ የተማረ ኢትዮጵያዊ ስፈልግ አቶ ከተማ ይፍሩን አገኘሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

አቶ ከተማ በ1929 ሐረርጌ፣ ጋራ ሙለታ ተወለዱ። በወጣትነታቸው አሜሪካ መጥተው ሚሺጋን በሚገኘው ሆፕ ኮሌጅ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሩ፤ ከዚያም ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ በዓለም አቀፍ ግንኙነት ማስተርሳቸውን ያዙ። አገራቸው ተመልሰው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በንጉሠ ነገሥቱ ጽሕፈት ቤት ሠሩ። በ1961 የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን መምራት ሲጀምሩ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ።

በዚያ ዓመት አፍሪካ ለሁለት ተከፍላ ነበር። ጋናን፣ ጊኒን፣ ማሊንና ግብፅን የያዘው የካዛብላንካ ቡድን ቶሎ እንዋሃድ ይል ነበር። ናይጄሪያና ላይቤሪያ ያሉበት የሞንሮቪያ ቡድን ደግሞ ቀስ እያልን እንተባበር ባይ ነበር። ኢትዮጵያ በሞንሮቪያው ወገን ስብሰባዎች ብትገኝም ለሌላው ወገን በሯን አልዘጋችም። በ1962 ከካዛብላንካው ወገን የጊኒው ፕሬዚዳንት ሴኩ ቱሬ ኢትዮጵያን ሲጎበኙ፣ ሁሉም በአንድ ጉባኤ እንዲገናኙ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተስማሙ። አቶ ከተማም ከአንዱ ዋና ከተማ ወደ ሌላው እየዞሩ መሪዎቹን አሳመኑ። ሥራው ከባድ የሆነው ማንም ተሸንፌ መጣሁ ብሎ እንዳያስብ ማድረግ ስለነበረበት ይመስለኛል።

በግንቦት 1963 መሪዎቹ አዲስ አበባ ገቡ። ቀድሞ የተካሄደውን የሚኒስትሮች ስብሰባ የመሩት የ33 ዓመቱ አቶ ከተማ ነበሩ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ግንቦት 25 ቀን በ32 አገሮች ተፈረመ። ፈጣን ውህደት የፈለጉት እሱን አላገኙም፤ ነገር ግን ለነፃነት ታጋዮች ድጋፍ የሚሰጥ ኮሚቴ ተቋቋመ። ዳካርም ፈልጋው የነበረው ዋና መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ቀረ።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ለእህቴ ጥሩ ማስረጃ ይሆናት ነበር። ግን ታሪኩ ይቀጥላል።

በ1974 ደርግ ሥልጣን ሲይዝ አቶ ከተማ ታሰሩ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በአንድ ሌሊት 60 ያህል እስረኞች ተገደሉ፤ ከእነሱ መካከል ቀደም ሲል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም የነበሩት የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነበሩ። አቶ ከተማ ከዚያ ተርፈው ስምንት ዓመት ታሰሩ። ሲፈቱ በዓለም የምግብ ፕሮግራም በአማካሪነት ሠርተው በ1994 አረፉ።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ስማቸውን ቀድማ ታውቀው ነበር። ሰሃን እያጠበች ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ነው በልጅነቷ ለታሰሩት አባቷ ስንቅ ታመላልስ እንደነበር የነገረችኝ። አያቴ መታሰራቸውን አውቅ ነበር፤ ስንቁን የምትወስደው እሷ እንደነበረች ግን አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ የምታወራው ስለ ደመወዝ ስለሆነ የምትፈራው ድህነትን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሐሳቧን አልቀየረችም። አሁንም እህቴ ነርስ ብትሆን ትመርጣለች። ግን የማታው ክፍል በየትኛው ቀን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ረቡዕ አልኳት።

ያለፈው ረቡዕ ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ የሜትሮ መስመር ተሳፍሬ፣ መሃል ከተማ ወደ ቢጫው ቀይሬ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። ጭኔ ላይ የያዝኩት የእናቴ ምሳ ዕቃ ነበር፤ ምስር ወጥና እንጀራ፣ ገና ሙቀቱ ያልወጣለት።