የሊንድበርግ ሲባጎ

በክፍላችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካርታ ኒው ዮርክንና ፓሪስን በማስመሪያ ብናገናኝ፣ መስመሩ አትላንቲክ ውቅያኖስን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። አጭሩ መንገድ ግን እሱ አይደለም እኮ! ሉሉን አንስተን በሁለቱ ከተሞች መካከል ሲባጎ ብንወጥር፣ ሲባጎው ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ በኒውፋውንድላንድና በአየርላንድ በኩል ይሄዳል። ቻርልስ ሊንድበርግ በ1927 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሳንዲያጎ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያደረገው ይህንኑ ነው። ርቀቱ 5,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነለት።

ሊንድበርግ በ1902 በዲትሮይት ተወልዶ በሚኒሶታ ያደገ የአስተማሪ ልጅ ነው፤ እናቱ ኬሚስትሪ ታስተምር ነበር። እሱ ግን ትምህርቱን አልገፋበትም። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የጀመረውን ምህንድስና በ1922 አቋርጦ ወጣና አውሮፕላን ማብረር ተማረ። በ1926 በሴንት ሉዊስና በቺካጎ መካከል ፖስታ ያመላልስ ነበር።

ሬይሞንድ ኦርቴግ የተባለ የሆቴል ባለቤት ሁለቱን ከተሞች ያለ ማረፍ በአየር ለሚያገናኝ ሰው 25,000 ዶላር ሊሸልም በ1919 ቃል ገብቶ ነበር። በዚህ ውድድር ስድስት ሰዎች አልቀዋል። ከነዚህም ሁለቱ ፈረንሳውያን፣ ኑንዤሴርና ኮሊ፣ ሊንድበርግ ከመነሣቱ 12 ቀን በፊት ከፓሪስ እንደ ወጡ ቀሩ።

የሱ ዘዴ ክብደት መቀነስ ነበር። ሬዲዮ የለ፣ ፓራሹት የለ፣ ረዳት የለ፤ ቦታው ሁሉ ለቤንዚን ተሰጠ፤ 1,700 ሊትር ያህል። ዋናው የቤንዚን ጋን ከፊቱ ስለ ተገጠመ ወደ ፊት የሚያይበት መስኮት እንኳ አልነበረውም።

ታዲያ መንገዱን እንዴት ያዘ? የጎበጠውን መስመር በየ160 ኪሎ ሜትሩ ቆራረጠው። በየአንድ ሰዓቱ ገደማ አንዱን ቁራጭ ሲጨርስ፣ በኮምፓሱ አቅጣጫውን ጥቂት ዲግሪ ያስተካክላል። ጂኦግራፊ ለምናስተምር ሰዎች ከታሪኩ ሁሉ የሚጥመው ይኸው ነው። ሜይ 20 ቀን ማለዳ ሲነሣ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም ነበር። ጉሙና በረዶው ሳያንስ ከእንቅልፍ ጋር ሲታገል አደረ። አየርላንድ ሲደርስ ግን ካሰመረው መስመር የራቀው 5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር! ከ33 ሰዓት ተኩል በረራ በኋላ ፓሪስ ሲያርፍ ከ100,000 በላይ ሕዝብ ጠበቀው።

ዝናው መዘዝም አመጣበት። በ1932 ሕፃን ልጁ ከቤቱ ተሰርቆ ተገደለ። እሱም ቢሆን እንከን የለሽ አልነበረም፤ በ1938 ከናዚ ጀርመን ኒሻን ተቀበለ፣ በ1941 ደግሞ አሜሪካን ወደ ጦርነት ከሚገፉት መካከል አይሁዶች አሉበት ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ጀግና ነው ብለን ይህን ብንሸፍነው ለተማሪዎቻችን ግማሹን ታሪክ መንገር ይሆናል።

በ1974 ካንሰር ጸንቶበት ኒው ዮርክ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ሐዋይ ውስጥ ወዳለው የማዊ ደሴት ውሰዱኝ አለ። 8,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፓሪሱ መንገድ ይበልጣል። በዚህኛው በረራ ሌሎች እያበረሩ እሱ ተኝቶ ሄደ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም፣ ኦገስት 26፣ እዚያው ዐረፈ።