ለቲክ ሕመም ስማቸውን የሰጡት ሐኪም

በአውሮፓውያኑ 1885 አንድ የ27 ዓመት ፈረንሳዊ ሐኪም የዘጠኝ ሕሙማንን ታሪክ በአንድ የነርቭ ሕክምና መጽሔት ላይ አሳተሙ። ሕሙማኑ ሳይፈልጉ ሰውነታቸው ይወራጫል፣ ይጮኻሉ፤ አንዳንዶቹንም ከአፋቸው ስድብ ያመልጣቸዋል። ሐኪሙ ዦርዥ ዢል ደ ላ ቱሬት ይባላሉ። በሽታው ዕድሜ ልክ እንደሚዘልቅ፣ ነገር ግን የታማሚውን አእምሮ እንደማያደክም ጻፉ። ይህ ሁለተኛው ነጥብ ቀላል አልነበረም፤ ከሕሙማኑ ላይ የእብደትን ስም የሚያነሳ ነበርና።

በ1857 በምዕራብ ፈረንሳይ የተወለዱት ቱሬት ሕክምናን በፖይቲየር ጀምረው ወደ ፓሪስ አቀኑ። በሳልፔትሪየር ሆስፒታል የስመ ጥሩው የነርቭ ሐኪም የዣን ማርታን ሻርኮ ደቀ መዝሙር ሆኑ። በሽታውን በቱሬት ስም የጠሩትም ሻርኮ ናቸው። ለጋዜጠኛ ጆሮ የሚጥም ነገር ልጨምር፦ በ1631 'ላ ጋዜት' የተባለውን የፈረንሳይ ጋዜጣ የመሠረቱትን ሐኪም፣ የቴዎፍራስት ርኖዶን የሕይወት ታሪክም ጽፈዋል።

ቱሬት ሕሙማንን ከውጭ በሚሰጥ ንዝረት ለመርዳትም ሞክረዋል። ሻርኮ የፓርኪንሰን ሕሙማን በባቡር ረጅም መንገድ ሲጓዙ እንደሚቀልላቸው አስተውለው የሚንቀጠቀጥ ወንበር አሠርተው ነበር። ቱሬት ደግሞ በ1892 በሞተር የሚንቀጠቀጥ የራስ ቁር አስተዋወቁ። የታሰበው ለቲክ ሳይሆን እንደ ራስ ምታት ላሉ ሕመሞች ነበር፤ ከጊዜ በኋላም ተረሳ።

ዛሬ ቲክ ላለባቸው አዋቂዎች የሚሞከረው ከዚያ እጅግ የተለየ ነው። ታማሚው ቲኩ ሊመጣ ሲል የሚሰማውን ስሜት ለይቶ፣ ቲኩን የሚገታ ሌላ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ የሚያሠለጥን የባሕሪ ሕክምና አለ። ጠቃሚነቱ በጥናት ቢረጋገጥም ሁሉንም አይረዳም። ስለዚህ ተመራማሪዎች እንቅስቃሴን በሚያሰናዳው የአንጎል ክፍል ላይ ከራስ ቅል ውጭ መግነጢሳዊ ምት ቢሰጥ ሥልጠናው ይበልጥ ይሠምር እንደሆነ እየፈተሹ ነው።

የቱሬት ሕይወት ግን ቁሩን ባስተዋወቁ በዓመቱ ተናጋ። በ1893 መምህራቸው ሻርኮ ሞቱ። በዚያው ዓመት መገባደጃ አንዲት የቀድሞ ታካሚ ፓሪስ በሚገኘው መኖሪያቸው ተኩሳ አቆሰለቻቸው። ሃይፕኖሲስ በተባለው የማፍዘዝ ዘዴ ያለ ፈቃዷ አእምሮዋን እንደተቆጣጠሩት ታምን ነበር። የሚገርመው፣ ሰውን በሃይፕኖሲስ ወንጀል ማሠራት አይቻልም ብለው አጥብቀው ከሚከራከሩት አንዱ ራሳቸው ቱሬት ነበሩ።

ከጥቃቱ ተርፈው የ1900 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ዋና ሐኪም ለመሆን በቁ። ይሁንና ቂጥኝ አንጎላቸውን እያጠቃ ባሕሪያቸው ይለዋወጥ ጀመር፤ ከሥራቸውም ተነሱ። ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ተቋም ገብተው፣ በግንቦት 1904 በ46 ዓመታቸው እዚያው አረፉ።