ልዑል ዓለማየሁ በሰው አገር፣ በሰው ቤት

ከትምህርት ቤታችን ሠፈር ከሜክሲኮ አደባባይ ተነሥተን፣ በለገሃር በኩል አድርገን ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ብንወጣ ቴዎድሮስ አደባባይን እናገኛለን። በዚያም የሴባስቶፖል መድፍ ምስል ቆሞ ይታያል። መድፉን ያየ ሁሉ ዐፄ ቴዎድሮስን ያስባል፤ ልጃቸውን ልዑል ዓለማየሁን የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ከመካከላችን ብዙዎቹ ባሕር ተሻግረው ለመማር ስለሚመኙ፣ በባዕድ ቤት እየኖረ የተማረውን የዚህን ልጅ ታሪክ በመታሰቢያ መጽሔታችን ላይ ልናቀርብ ወደድን።

ዓለማየሁ ሚያዝያ 16 ቀን 1853 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ተወለደ። እናቱ የደጃዝማች ውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ ነበሩ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ንጉሠ ነገሥቱ እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መርጠው ራሳቸውን ገደሉ። ጦሩ ወደ ባሕር ሲመለስ እናትና ልጅ አብረው ተጓዙ፤ ነገር ግን እቴጌይቱ በግንቦት ወር በመንገድ ላይ ታመው ዐረፉና በጨለቆት ተቀበሩ። እንግዲህ ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ፣ በአንድ ወር ያህል ጊዜ ውስጥ፣ አባቱንም እናቱንም አጣ።

ልጁን የያዘው ካፒቴን ስፒዲ የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ነበር። ይህ ሰው አማርኛ ያውቅ ስለ ነበር ልጁ እንደ አባት ተጠጋው። በዚያው ዓመት ክረምት እንግሊዝ አገር ሲደርሱ ንግሥት ቪክቶሪያ ተቀበሉት፤ አዘኑለትም። ስፒዲ ሚስት አግብቶ ለሥራ ወደ ህንድ ሲላክም ዓለማየሁ ከባልና ሚስቱ ጋር ሄደ። ቤት የሚባል ነገር ከመቅደላ ወዲህ አግኝቶ እንደ ሆነ ይህ ነበር። ዳሩ ግን የእንግሊዝ መንግሥት ልጁ በእንግሊዝ አገር ትምህርት ቤት መግባት አለበት ብሎ ስለ ቈረጠ፣ ከሚወዳቸው ሰዎች እንደገና ተለየ።

ከዚህ በኋላ የቼልትነም ኮሌጅ አስተዳዳሪ የነበሩት ዶክተር ጄክስ ብሌክ ከቤተ ሰባቸው ጋር አስቀመጡት። በ1866 ዓ.ም. እርሳቸው የራግቢ ትምህርት ቤት አስተዳዳሪ ሆነው ሲዛወሩ አብሯቸው ሄደ። ዓለማየሁ በኳስ ጨዋታ የተመሰገነ ቢሆንም በትምህርቱ እምብዛም አልገፋም። ቤተ ሰቡ ቸርነት አላጐደሉበትም፤ ነገር ግን የእናቱን ቋንቋ የሚያናግረው ሰው አልነበረም፤ አማርኛውም ቀስ በቀስ ጠፋው። አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬ ከኢትዮጵያ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፤ የልጅ ልጃቸውን ዓይን ግን ሳያዩ ቀሩ።

ዓለማየሁ ከራግቢ በኋላ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ በዚያም ደስታ አላገኘም። ኋላም በሊድስ ከተማ ቀድሞ ካስተማረው ከሲሪል ራንሶም ቤት ተቀምጦ ሳለ በሳንባ ሽፋን በሽታ ታመመና ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ዐረፈ። ንግሥቲቱ በጣም አዘኑ፤ አስከሬኑም በዊንዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ።

በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ዐፅሙ እንዲመለስ ጠየቀ። በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት፣ በዚያው የተቀበሩትን የሌሎችን ዐፅም ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም በማለት ጥያቄውን አልተቀበለም። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ግን በስፒዲ ዘመዶች እጅ ቈይቶ የነበረ የዓለማየሁ የጠጕር ዘለላ በለንደን ለኢትዮጵያውያን ተሰጠ።

እኛ ተማሮች ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ልጁን ያስጠጉት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ምግብም ልብስም መምህርም አላጣም። ያጣው ፈቃዱን ነው፤ ትሄዳለህን፣ ትመለሳለህን ብሎ የጠየቀውን የሰማ የለም። ዛሬ ከእኛ አንዱ ለትምህርት ሲሄድ ግን ወዶ ይሄዳል፤ የመመለሻው መንገድም ክፍት ነው። ስለዚህ ወደ ባዕድ ቤት የምንገባ ሁሉ፣ አስተናጋጆቻችንን እንደ ወላጅ እናክብር፣ ቋንቋቸውንም እንማር፤ የራሳችንን ቋንቋ ግን አንጣል፤ ደብዳቤያችንም ከእናታችን ደጅ አይጥፋ። ወላጆችም ልጃቸውን ከመስደዳቸው በፊት ፈቃዱን ይጠይቁት፤ ዓለማየሁ ይህን አላገኘምና።