ቤት በቤት ላይ ያነጹት አባ ፔድሮ ፓኤዝ

ከወረታ ተነሥቶ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው፣ እንፍራዝ ሳይደርስ በጉብታ ላይ የጉዛራን ግንብ ያያል። ትውፊት ይህን ግንብ ለዐፄ ሠርፀ ድንግል ይሰጠዋል። ይሁን እንጂ በጣና ዙሪያ ያለውን ጥንታዊ ግንብ ሁሉ የፖርቱጋሎች ሥራ ነው የሚሉ ጥቂቶች አይደሉም። እውነቱን ለመለየት፣ በጣና ዳር ያነጹትን የአንድ ካህን ሕይወት መመልከት ይጠቅመናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አባ ፔድሮ ፓኤዝ በ1564 በስፔን አገር፣ በማድሪድ አቅራቢያ በምትገኝ ኦልሜዳ በተባለች መንደር ተወለዱ። በ1582 ወደ ኢየሱሳውያን ማኅበር ገቡ። በ1589 ከህንድ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ በመንገድ ተማርከው በየመን ሰባት ዓመት ያህል በእስር ማቀቁ። ከተለቀቁም በኋላ ተስፋ ሳይቆርጡ በ1603 በምጽዋ በኩል ገብተው በትግራይ ፍሬሞና ተቀመጡ። አማርኛና ግዕዝ ተማሩ፤ ሕፃናትንም አስተማሩ። እነዚህ ሕፃናት የተማሩትን ትምህርተ ክርስቶስ በዐፄ ዘድንግል ፊት በቃላቸው አሰምተዋል።

በኋላም ዐፄ ሱስንዮስ በጎርጎራ ቤተ መንግሥት እንዲሠሩላቸው ጠየቋቸው። አባ ፔድሮ መሐንዲስም ግንበኛም አናጢም ሆኑ። መዶሻውና መሮው እንዴት እንደሚበጅ ለሠራተኞቹ አሳዩ፤ ድንጋይ መጥረብንም አስተማሩ። ባለ ፎቅ ሕንፃ ያልለመደው ሕዝብ ሥራቸውን ቤት በቤት ላይ ብሎ ሰየመው።

በዚያው ዘመን ሉዊስ ደ ኡሬታ የተባሉ ዶሚኒካዊ መነኩሴ፣ ኢትዮጵያን በዓይናቸው ሳያዩ ስለ እርሷ በ1610 እና በ1611 መጻሕፍት አሳትመው፣ በአምባ ግሸን ተወዳዳሪ የሌለው ቤተ መጻሕፍት እንዳለ አውርተው ነበር። አባ ፔድሮ መልስ እንዲሰጡ ታዘዙ። ሠዓሊ ፊት ለፊቱ ያለውን እንደሚሥል፣ ያዩትንና ጠይቀው ያረጋገጡትን በፖርቱጋልኛ ጻፉ። ሚያዝያ 21 ቀን 1618 የጎበኙትን የግሽ ዓባይን ምንጭም በዚህ መጽሐፍ ገልጠዋል። የኢትዮጵያ ታሪክ የተባለው ይህ ሥራቸው በማተሚያ ቤት የታተመው ግን በ1905 እና በ1906 በሮም ነው።

ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በይፋ በተቀበሉበት በ1622 ዓመት፣ አባ ፔድሮ በጎርጎራ ዐረፉ። በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ የትዕግሥትን መንገድ አልተከተሉም። በጥድፊያና በኃይል የተጫነው ለውጥ ብዙ ደም አፈሰሰ፤ በ1632ም ንጉሡ የቀድሞው እምነት እንዲመለስ አወጁ። ጎንደር በዐፄ ፋሲል የተመሠረተችው በ1636 ነው። ስለዚህ የፋሲል ግንብ የአባ ፔድሮ ሥራ አይደለም። ማርያም ግንብ የሚባለው የጎርጎራ ፍርስራሽም በአብዛኛው ከእርሳቸው ሞት በኋላ የተሠራ ነው።

ለእኛ ለካህናትና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረልን እንግዲህ አካሄዳቸው ነው፤ ከማስተማራቸው በፊት የሕዝቡን ቋንቋ ተማሩ፤ ከመጻፋቸው በፊት ሄደው አዩ፤ ሌላውን ከማዘዛቸው በፊት መዶሻውን በእጃቸው ያዙ።