ዓይኑን ከመስተዋት ያላመደው ሐኪም

ከመካከላችን ኮንታክት ሌንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረገ ተማሪ ቢኖር፤ እንባው እንዴት እንደ ወረደ፤ የዓይኑም ቆብ አልከፈትም ብሎ እንዴት እንዳስቸገረው አይረሳውም። ይህን ጭንቅ ወደውና ፈቅደው ከቀመሱት የመጀመሪያ ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ጋስቶን ኦይገን ፊክ ነበር።

ፊክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1852 ዓ. ም. ተወለደ። አባቱ ቀድሞ ስለ ሞተበት ያደገው በአጎቱ ቤት ነው። አጎቱ አዶልፍ ፊክ ስመ ጥር የፊዚዮሎጂ ሊቅ ነበርና፤ በስማቸው መመሳሰል የተነሣ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ዛሬም አይጠፋም።

ወጣቱ ሕክምና ተምሮ በስዊስ አገር በዙሪክ የዓይን ሐኪም ሆነ። በዚያ ዘመን መነጽር የማይረዳቸው ሕሙማን ነበሩ። የዓይናቸው የፊት ሽፋን ሾጥጦ ወይም ወጣ ገባ ሆኖ ስለሚበላሽ፤ በአፍንጫ ላይ የሚቀመጥ መነጽር ጥርት አድርጎ ሊያሳያቸው አይችልም። ፊክም መስተዋቱ ከአፍንጫ ወርዶ በራሱ በዓይን ላይ ቢቀመጥና በመካከሉ ፈሳሽ ቢሞላበት፤ ወጣ ገባው ተሸፍኖ ዓይን ለስላሳ ገጽ ያገኛል ብሎ አሰበ።

ነገር ግን እንዲህ ያለውን ነገር በሰው ዓይን ላይ ለመሞከር አልቸኰለም። አስቀድሞ በጥንቸሎች ላይ ሞከረ፤ ቀጥሎ በራሱ ዓይን ላይ አደረገው፤ ከዚያም በኋላ ወደ ሌሎች ሰዎች አለፈ። የሥራውንም ውጤት በ1888 ዓ. ም. በጽሑፍ አወጣ። መስተዋቱ የዓይንን ነጩን ክፍል ጭምር የሚሸፍን ትልቅ ነበር፤ ከሥሩም የወይን ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ይሞላበት ነበር። ቢሆንም ከሁለት ሰዓት ያህል በላይ የሚቻል አልሆነም፤ ሲቆይ የጭጋግ መጋረጃ በዓይን ፊት ይጋረድ ነበር። የዓይን የፊት ሽፋን የደም ሥር ስለሌለው ኦክሲጅን የሚያገኘው በይበልጥ ከአየር ነው፤ መስተዋት ደግሞ አየር አያሳልፍም። ይህ የጭጋግ ነገር እስከ ዛሬ በፊክ ስም ይጠራል።

በ1889 ዓ. ም. በኪል ዩኒቨርሲቲ አውጉስት ሙለር የተባለ ተማሪም ለገዛ ራሱ ዓይን መስተዋት አሠርቶ ነበር። ማደንዘዣ ቢጨምርበትም ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊታገሠው አልቻለም።

ፊክ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጦር ሜዳ ሆስፒታሎችን መርቶ በ1937 ዓ. ም. ሞተ። ውሃ የሚይዘውን ለስላሳ ሌንስ ኦቶ ቪክተርለ በ1961 ዓ. ም. መጨረሻ በፕራግ በልጆች መጫወቻ ዕቃ በሠራው መኪና ሲያወጣ፤ ፊክ አላየውም።

ዛሬ አዲስ ለባሽ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ሰዓት አድርጎ ቀን በቀን እንዲጨምር ይመከራል። እጁን ሳይታጠብ አይነካውም፤ ዓይኑ ቢቀላ፤ ቢያመው ወይም ጭጋግ ቢያይ ወዲያው አውጥቶ ሐኪም ይጠይቃል። ዓይን እንግዳን የሚለምደው በጥቂት በጥቂቱ ነውና፤ መታገሥ ይገባል። ሕመምን ችላ ማለት ግን ትዕግሥት አይደለም። ፊክም ቢሆን ጭጋጉን አይቶ አልደበቀውም፤ ጽፎ ለተከታዮቹ አስተላለፈው እንጂ።