ዘውድ የሰጠው ሥልጣንና ያልተደራጀ ሕዝብ

የታሪክ ሠሪው ሰፊው ሕዝብ ነው ስንል ግለሰቦች በታሪክ ውስጥ ያላቸውን ድርሻ መካዳችን አይደለም። አንድ ግለሰብ፣ ንጉሥም ቢሆን፣ የዘመኑን ቅራኔ ተረድቶ የኅብረተሰቡን ጉዞ ሊያፋጥን ይችላል። ይህ ድርሻ ከየት ተነሥቶ የት ላይ እንደሚያበቃ ለመገንዘብ የቡታኑን ንጉሥ የጂግሜ ዶርጂ ዋንግቹክን ሕይወት መመርመር ይጠቅማል።

ቡታን በሂማልያ ተራሮች ውስጥ በሕንድና በቲቤት መካከል የምትገኝ ትንሽ አገር ናት። የዋንግቹክ ሥርወ መንግሥት ዙፋኑን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። በ1910 በተፈረመ ውል የአገሪቱ የውጭ ግንኙነት በብሪታንያ ምክር የሚመራ ሆነ፤ በ1949 ደግሞ ይኸው ሥልጣን ነጻ ወደ ወጣችው ሕንድ ተላለፈ። ጂግሜ ዶርጂ በ1952 አባቱን ተክቶ ሲነግሥ የተረከበው አገር የመኪና መንገድ ያልነበረው፣ ገበሬው ግብሩን በአብዛኛው በዓይነትና በጉልበቱ የሚከፍልበት፣ ገባርና ባሪያ በጌታ መሬት ላይ የሚለፉበት ነበር። በ1958 የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔህሩ ቡታንን ሲጎበኙ በፈረስና ያክ በሚባለው የደጋ ከብት ጀርባ ተጉዘው ነው የደረሱት።

ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1953 ጾግዱ የተባለውን ብሔራዊ ሸንጎ አቋቋመ። አባላቱ ከሦስት ወገን የተውጣጡ ነበሩ፤ ይኸውም የመንደር ተወካዮች፣ የቡድሂስት ገዳማት ወኪሎችና የመንግሥት ሹማምንት ናቸው። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ባርነትና ገባርነት ተሻሩ፤ አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው መሬትም ተወሰነ። በ1961 በሕንድ ገንዘብ የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ ተጀመረ፤ በ1971 አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል ሆነች።

ይህ ሁሉ ከንጉሡ ደግነት ብቻ የመነጨ ነው ብሎ መደምደም ግን ከሳይንሳዊ አመለካከት መራቅ ነው። የእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ከሕንድ ሲወጣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የመሳፍንት ግዛቶች እንደወጡ ቀርተዋል። በ1959 በቲቤት የደረሰው ሁኔታም ራሱን ያላደሰ አሮጌ ሥርዓት ዕድሜው አጭር መሆኑን በደጁ አሳይቶታል። በቤተ መንግሥቱ ዙሪያም ትግሉ ብርቱ ነበር። በ1964 የለውጡ ዋና አስፈጻሚ የነበረው ጠቅላይ ሚኒስትር ጂግሜ ፓልደን ዶርጂ በጥይት ተገደለ፤ በ1965 ንጉሡ ራሱ ከግድያ ሙከራ ተረፈ።

ቢሆንም ንጉሡ አላፈገፈገም። እ.ኤ.አ. በ1968 የሸንጎውን ውሳኔ የመሻር መብቱን ተወ። ቀጥሎም ሸንጎው በየሦስት ዓመቱ በንጉሡ ላይ የመተማመኛ ድምፅ እንዲሰጥ፣ ሁለት ሦስተኛው ከተቃወመም ዙፋኑን ለወራሹ እንዲለቅ ሐሳብ አቀረበ። የሸንጎው አባላት ሐሳቡን የተቀበሉት እያመነቱ ነበር። ንጉሡ በገዛ ፈቃዱ እጁን በሕግ አሰረ ማለት ነው። በሐምሌ 1972 ናይሮቢ ላይ ሲሞት ግን የመተማመኛው ድምፅ ብዙም ሳይቆይ በሸንጎው ስምምነት ተሻረ።

ልናተኩርበት የሚገባው ነጥብ ይህ ነው። የዘውዱን እጅ ያሰረው ንጉሥ ነበር፤ የፈታው ደግሞ የሕዝብ ወኪል የተባለው ሸንጎ ነው። ሕጋዊ የፖለቲካ ፓርቲ በሌለበት፣ ገበሬው በራሱ ማኅበር ባልተደራጀበት አገር የተሰጠው ሥልጣን የሚጠብቀው ባለቤት አላገኘም።

የዚህ ጉድለት ዋጋ እጅግ የከበደው በደቡብ ቡታን በሚኖሩት ኔፓልኛ ተናጋሪዎች ላይ ነው። ወገኖቻቸው በ1952 በስደት ፓርቲ መሥርተው በ1954 ሰልፍ ሲወጡ ጥይት ተተኮሰባቸው። ይህም በዚሁ ንጉሥ ዘመን የተፈጸመ በመሆኑ ሊሸፈን አይገባውም። በ1958 ዜግነት ተሰጣቸው፤ በ1985 በወጣው ሕግ ግን የዜግነት በር ጠበበ፤ በ1990ዎቹ ወደ 100,000 የሚሆኑት በኔፓል የስደተኞች ሰፈሮች ተጠለሉ። በችሮታ የተሰጠ መብት በአዋጅ ተነጠቀ።

በ1998 የንጉሡ ልጅ ጂግሜ ሲንግዬ የአባቱን የመተማመኛ ድምፅ መለሰ፤ በ2008 የመጀመሪያው የፓርቲዎች ምርጫ ተደርጎ ሕገ መንግሥት ጸደቀ። ንጉሥ በ65 ዓመቱ ከዙፋኑ እንዲወርድ፣ ቢያጠፋም በፓርላማና በሕዝበ ውሳኔ እንዲነሣ ተደነገገ። ይህ የጂግሜ ዶርጂ ዘር ፍሬ መሆኑን አንክድም። በስደተኞቹ ሰፈሮች የነበሩት ግን በዚያ ምርጫ ድምፅ አልነበራቸውም።

ለእኛ ይህ ታሪክ ባዕድ አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን ከዙፋን የወረደ ችሮታ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ወድቆ መሬት ከባላባት እጅ ሲወጣም፣ ሥልጣን በሕዝብ ስም ተያዘ እንጂ በሕዝብ እጅ አልገባም። በመሆኑም ሰጪው ንጉሥም ይሁን በሕዝብ ስም የሚናገር ሌላ ኃይል፣ መለኪያው አንድ ነው እንላለን። ሰጪው በሞተ ማግስት መብቱን አላስነካም ብሎ የሚቆም የተደራጀ ሕዝብ አለን? ጂግሜ ዶርጂ ከዘመኑ ነገሥታት ብዙዎቹ ያልደፈሩትን ደፍሯል፤ ሊሰጥ ያልቻለው ሕዝቡ ራሱ ሊገነባው የሚገባውን ድርጅት ነው።