ክላውዲያ ጆንስ (1915–1964)

በዚህ ሳምንት ለግድግዳ ጋዜጣችን አንባብያን የምናቀርበው የክላውዲያ ጆንስን የሕይወት ታሪክ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክላውዲያ በ1915 በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በትሪኒዳድ ደሴት ተወለደች። በ1924 ወላጆቿን ተከትላ ኒው ዮርክ ገባች። ኑሮ ግን አልቀናቸውም። ልብስ ሰፊ የነበረችው እናቷ ብዙም ሳትቆይ ሞተች፤ ክላውዲያም በ17 ዓመቷ ሳንባ ነቀርሳ ያዛት። ከዚያ ወዲያ ሙሉ ጤና አላገኘችም።

ሙሶሊኒ አገራችንን በወረረ ጊዜ በአንድ የጥቁሮች ጋዜጣ ላይ ስለ ወረራው ትጽፍ ነበር። በ1936 ወደ ኮሚኒስት ወጣቶች ማኅበር ከሳቧት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ጦርነት ነው። በፖለቲካ እምነቷ ታስራ በ1955 ከአሜሪካ ተባረረች። የትሪኒዳድ ቅኝ ገዢዎች አንቀበላትም ስላሉ ወደ ለንደን ተላከች። እንግዲህ ስደትን ያወቀችው በመጽሐፍ ሳይሆን በራሷ ላይ ደርሶ ነው።

እንግሊዝ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሠራተኛ አጥሯት ነበር። ከ1948 ጀምሮ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ብዙ ሺህ ሰዎች በአውቶቡስ፣ በባቡርና በሆስፒታል ተቀጠሩ። በሕጉ የእንግሊዝ ተገዢዎች ስለነበሩ የመግባት መብት ነበራቸው። ታዲያ ሥራ ቢያገኙም ቤት አጡ። ብዙው አከራይ ለጥቁር አላከራይም አለ፤ የሚያከራየውም ዋጋውን ሰቀለው። በኖቲንግ ሂል ሰፈር ነጩም ድሃ በዚያው በተጎሳቆለ ቤት ይኖር ነበርና የቤቱን ችግር ያመጣው ጥቁሩ መሰለው። ጥቁሮች ይውጡ የሚሉ ቀስቃሾች ደግሞ በእሳቱ ላይ ቤንዚን አርከፈከፉበት።

በኦገስት 1958 መጨረሻ ነጭ ጎረምሶች ዱላ ይዘው ጥቁሮችን በየመንገዱ ማሳደድና የቤታቸውን መስኮት መሰባበር ጀመሩ። ረብሻው አንድ ሳምንት ያህል ቆየ። ፍርድ ቤት ከአጥቂዎቹ 9 ወጣቶችን በዓመታት እስራት ቀጣ። ይህ ተገቢ ነበር። ከፍተኛ የፖሊስ ሹማምንት ግን ነገሩን የዘር ጥላቻ ሳይሆን የዱርዬዎች ጠብ አስመስለው ለሚኒስትሩ እንደነገሩት በ2002 ይፋ የሆኑ ሰነዶች አሳይተዋል።

ክላውዲያስ ምን አደረገች? ከረብሻው ጥቂት ወራት በፊት በብሪክስተን ዌስት ኢንዲያን ጋዜት የተባለ ጋዜጣ መሥርታ ነበር። በዚያ ላይ ስለ ቤት፣ ስለ ሥራና ስለ መብት ጻፈች። በጃንዋሪ 1959 በሴንት ፓንክራስ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የካሪቢያን ካርኒቫል አዘጋጀች። ከፕሮግራሙ መጽሔት ሽያጭ ከፊሉ በረብሻው ለተቀጡ ወጣቶች መቀጮ መክፈያ እንዲሆን ተደረገ። ለጥቁሮቹ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ለነጮቹም ጭምር ነው!

መንግሥት በ1962 ከኮመንዌልዝ አገሮች የሚመጡ ሰዎች ያለ ሥራ ፈቃድ ወረቀት እንዳይገቡ የሚያግድ ሕግ አወጣ። ክላውዲያ በጽሑፍም በሰልፍም ተቃወመችው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ ኪራይ የሰቀለውና ቀስቃሹ ቀርተው መጤው ተመታ። ደግሞም ሕጉ ሊወጣ ነው ሲባል በሩ ሳይዘጋ እንግባ ያሉ ብዙዎች ስለተጣደፉ የመጪው ቁጥር በዚያ ሰሞን ባሰበት እንጂ አልቀነሰም።

መንግሥት ወደ አገሩ የሚገባውን ሰው የመወሰን ሥልጣን እንዳለው አንክድም። ነገር ግን ከረብሻ በኋላ ተደብዳቢውን የችግር ምንጭ አድርጎ ሕግ ማውጣት ረብሸኛውን ዱላህ ሠርቷል እንደ ማለት ነው። አጥቂውን መቅጣት፣ ቤት መሥራትና አድልዎን በሕግ መከልከል መቅደም ነበረበት።

ክላውዲያ በዲሴምበር 1964 በ49 ዓመቷ ለንደን ውስጥ ቤቷ ብቻዋን ሞታ ተገኘች። በሃይጌት ከካርል ማርክስ አጠገብ ተቀብራለች። በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች የዘር አድልዎን የሚከለክለው ሕግ በ1965፣ በቤትና በሥራ ያለውን የሚከለክለው ደግሞ በ1968 ወጣ። እሷ ሁለቱንም አላየችም።

እኛ እጩ መምህራን ነገ በየክፍላችን ከሌላ አካባቢ የመጡ ልጆች ይጠብቁናል። ጠብ ሲነሳ ተመቺውን አስወጥተን ክፍሉ ጸጥ አለ እንዳንል ይህች ሴት ታስታውሰን።